አምስት ኪሎ ቡና ወደሌለች አገር

ጋሼ ፍራንክፈርት ሲገቡ ከሻንጣቸው መጀመሪያ የወጣው ቡና ነው። አምስት ኪሎ። ተቆልቶ፣ በኪሎ በኪሎ ታሽጎ፣ እንዳይቀደድ በሸሚዝ ተጠቅልሎ። "ጋሼ፣ እዚህ እኮ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፤ ምነው ተሸከሙት?" አልኳቸው።

"ለእናንተ አይደለም" አሉኝ። "ወደ ምሥራቅ ባዶ እጅ አይኬድም።"

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከ1983 እስከ 1988 ምሥራቅ ጀርመን ተምረዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ጋሼም የዚያን ዘመን ነገር በፈረንጅ ነው የሚቆጥሩት።) የተማሩባት አገር በ1949 ተመሥርታ በ1990 ከካርታ ጠፍታለች። እሳቸው ግን እስካሁን "ዴዴኤር" ነው የሚሏት፤ አንድ ጠዋት ተነስተው ደውለው የሚያገኟት ይመስል። እኔ ደግሞ ጀርመን 14 ዓመት ኖሬ ከበርሊን ሌላ ምሥራቁን አላውቀውም። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩና ሄድን።

ቀን 1፦ በርሊን

ባቡሩ ዘገየ። ጋሼ "ያኔ ቀርፋፋ ነበር እንጂ ሰዓት ያከብር ነበር" አሉ። ይቺን እንኳን አላመንኳቸውም።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ፍሪድሪሽሽትራሰ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የመስታወት አዳራሽ ነው። በ1962 ነው የተሠራው፣ ምሥራቅና ምዕራብ በርሊንን የለየው ግንብ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ። ወደ ምዕራብ የሚሻገር ሰው እዚህ ተፈትሾ ያልፋል፤ የማይሻገረው እዚህ ይሰናበታል። ሕዝቡ "የእንባ ቤተ መንግሥት" አለው። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ መግቢያውም ነፃ።

ግንቡ ለምን እንደቆመ ብዙ ተብሏል። ጋሼ ግን ነገሩን በሒሳብ ነው ያስረዱኝ። ከ1949 እስከ 1961 ድረስ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ከምሥራቅ ወጥቷል። አብዛኛው ወጣትና ባለሙያ ነው። በርሊን ውስጥ ያኔ ለመኮብለል ተራራ መውጣት አያስፈልግም። የከተማ ባቡር ትሳፈርና ሁለት ፌርማታ አልፈህ ትወርዳለህ። መንግሥት ሐኪሙን በነፃ ያስተምራል፣ ምዕራቡ ተቀብሎ ያሠራዋል። "እንዲህ እየሆነ አምስት ዓመት እቅድ ብታወጪ ማን ይፈጽመዋል?" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው "ሰውን አጥረሽም አይሆን" ብለው ጨመሩ።

በዚሁ በር ጋሼ ራሳቸው ያልፉ ነበር። የውጭ አገር ተማሪ ስለነበሩ ወደ ምዕራብ በርሊን መሄድ ይችሉ ነበር። የክፍል ጓደኞቻቸው፣ የአገሩ ልጆች፣ አይችሉም። ጡረተኛ ሲሆኑ ግን ይፈቀድላቸው ነበር፤ ጡረተኛ ቢቀር ለመንግሥት ኪሳራ አይደለማ። "የሃያ ዓመት ልጆች ባትሪና ካልኩሌተር ግዛልን ብለው ዝርዝር ይሰጡኝ ነበር" አሉ። "በአገራቸው እንግዳው እኔ ነኝ፤ በራቸውን ግን የማልፈው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ያሳፍረኝ ነበር።" ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ።

ከሰዓት ካርል ማርክስ አለይ ወደሚባለው ጎዳና ሄድን። ስሙ መጀመሪያ ስታሊን አለይ ነበር። ሰፊ ነው፣ ከሚገባው በላይ ሰፊ። ፎቆቹ በሸክላ ንጣፍ የተለበጡ፣ ዓምድ የቆመላቸው፣ ለሠራተኛ የተሠሩ ቤተ መንግሥቶች ናቸው። የሚገርመው፣ በሰኔ 1953 የተነሳው አመጽ የፈነዳው ይህንኑ በሚገነቡት ሠራተኞች መካከል ነው። መንግሥት በዚያው ደመወዝ አሥር በመቶ ተጨማሪ ሥራ አዘዘ። እነሱ መዶሻቸውን ጥለው ሰልፍ ወጡ። በማግስቱ፣ ጁን 17፣ አገሩ ሁሉ ተከተለ። የሶቪየት ታንክ መጣና ቢያንስ 55 ሰው ሞተ። በሠራተኛው ስም የቆመ መንግሥት አራት ዓመት ሳይሞላው ሠራተኛው ላይ ታንክ አወጣ።

እዚሁ ጎዳና ላይ የስታሊን ሐውልት ነበር። በ1961 በአንድ ሌሊት ነቅለው ሰባበሩት። ከሐውልቱ ጆሮው ቀርቶ ካፌ ሲቢለ በተባለው ቡና ቤት ለዓመታት በመስታወት ውስጥ ሲታይ ኖሯል። ከጺሙም ቁራጭ አለ። ጋሼ "ከሁሉም የተረፈው ጆሮው ነው" ብለው ለብቻቸው ሳቁ።

ማታ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንድ ኪሎ ቡና ሰጧት። ደነገጠች። የከፈልነው በካርድ ነው እኮ።

ቀን 2፦ አይዘንሁተንሽታት

ወደ ምሥራቅ በሚሄደው ባቡር፣ ፍራንክፈርት የምትባል ከተማ አለፍን። የእኛዋ አይደለችም። ይቺኛዋ ኦደር ወንዝ ላይ ያለችው፣ የፖላንድ ድንበሯ ናት። ጋሼ "እናንተ የባንክ ፍራንክፈርት፣ እኛ የድንበር ፍራንክፈርት" አሉ። "እኛ" ማለታቸውን ልብ በሉልኝ።

አይዘንሁተንሽታት፣ ስሟ ራሱ "የብረት ማቅለጫ ከተማ" እንደማለት ነው። በ1950 ባዶ የጥድ ጫካ ነበረች። ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን ስትከፈል የድንጋይ ከሰሉና የብረቱ ሀብት፣ ሩር የሚባለው አካባቢ፣ ለምዕራቡ ቀረ። ለምሥራቁ የደረሰው በአብዛኛው ቡናማው፣ እርጥቡ፣ ጭሱ የሚበዛው ከሰል ነው። በዚያ ላይ ሶቪየቶች ለጦር ካሣ ፋብሪካ እየፈቱ ወስደዋል። ሁለተኛውን የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ነቅለዋል። ምዕራቡ ከአሜሪካ የማርሻል እርዳታ ሲያገኝ ምሥራቁ ከፋይ ነበር። ስለዚህ አዲስ ብረት ፋብሪካ ከዜሮ ተጀመረ። የብረቱ አፈር ከሶቪየት፣ ከሰሉ ከፖላንድ እየመጣ። የመጀመሪያው ምድጃ በ1951 ሥራ ጀመረ። ከተማዋንም በ1953 ስታሊንሽታት አሏት፣ በ1961 ያሁኑን ስም ሰጧት።

ለመኖር የተሠራች ከተማ ናት፤ ይህን መካድ አልችልም። በየሕንፃው መሐል አረንጓዴ ግቢ አለ። ልጅ መንገድ ሳይሻገር ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ግን በፕላኑ አልነበረም። ዝምታው ነው የሚያስፈራው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ዛሬ ከግማሽ አይበልጥም። በ2025 ሰው ለመሳብ ብላ "ሁለት ሳምንት በነፃ ኑሩና ሞክሩን" የሚል ጥሪ አውጥታ ነበር።

የዴዴኤርን የዕለት ኑሮ የሚያሳየው ሙዚየም የድሮ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። በደረጃው ላይ ባለ ቀለም መስታወት ላይ የሠዓሊ ቫልተር ቮማካ ሕፃናት ይጫወታሉ። ውስጡ ሬዲዮ፣ ድስት፣ ሽርጥ፣ የፕላስቲክ እንቁላል ማስቀመጫ። ጋሼ እንደ ልጅ ሆኑ። በተለይ አንድ ነገር ፊት ቆመው አልነቃነቅ አሉ። አበባ ያለበት የናይለን ዘንቢል። ጨርቁ ዴዴሮን ይባላል፤ ከአገሪቱ ምሕፃረ ቃል ነው ስሙን ያወጡት።

"ይቺን እጥፍ አርገሽ ኪስሽ ውስጥ ሁሌም ትይዣለሽ" አሉኝ።

"ለምን?"

"አይታወቅማ! ሰልፍ ካየሽ መጀመሪያ ትሰለፊያለሽ። ምን እንደሚሸጥ የምትጠይቂው ከዚያ በኋላ ነው።"

ይህን ለማስረዳት እናቴን መጥራት አያስፈልግም። ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ በሌሊት ድንጋይ ደርድሮ ወረፋ የያዘ ሰው ይገባዋል።

ግን ልዩነት አለው። እዚህ ማንም አልተራበም። አንድ ትንሽ ዳቦ 5 ፌኒግ (የማርካቸው ሳንቲም) ነበር። የበርሊን ትራም 20 ፌኒግ። የቤት ኪራይ ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዋጋ ላይ ታስሮ፣ በካሬ ሜትር አንድ ማርክ ቢሞላ ነው። ከዚህ ባሻገር ያለው ነገር ነው ጣጣው። በ1980ዎቹ አንድ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ከ4 ሺህ ማርክ በላይ ያወጣ ነበር፤ የሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ በወር 1,200 ገደማ። ዳቦው እጅግ ከመርከሱ የተነሳ ከእንስሳት መኖ ይልቅ እሱን ለአሳማና ለጥንቸል የሚያበሉ ነበሩ። የኪራዩ ገንዘብ ደግሞ ጣሪያ አያሳድስም። ርካሽነቱን ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ የሚከፍለው አለ።

ሊንደን አለይ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ያገኘናት ሴትዮ ነች ቀኑን ያተረፈችው። ጋሼ "ደህና ዋሉ" ሲሏት ዞር ብላ አየቻቸውና ሳቋን ለቀቀችው። የጋሼ ጀርመንኛ የላይፕሲሽ ዘዬ አለው። ጥቁር ሰው በሳክሶኒ ዘዬ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ።

በፋብሪካው የክሬን ነጂ ነበረች። ያኔ በአገሩ ከአሥር ሴት ከዘጠኝ በላይ ወይ ትሠራለች ወይ ትማራለች። በወር አንድ ቀን ደመወዝ ሳይቆረጥ ለቤት ሥራ የሚሰጥ ፈቃድ ነበራት። ("ለቤት ሥራ። ለእረፍት አላሉንም። ባሌ ግን አልተሰጠውም።") ስታገባ መንግሥት 5 ሺህ ማርክ ያለ ወለድ አበደራት። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ሺህ ማርክ ይሰረዛል፣ በሁለተኛው ሺህ አምስት መቶ፣ በሦስተኛው የቀረው። ለዚህ ራሱን የቻለ ቃል ነበራቸው፤ "በልጅ መክፈል" እንደማለት ነው። "ሦስት ወልጄ ዕዳዬን ጨረስኩ" አለች። ሦስቱም አሁን ምዕራብ ናቸው። ያኔ 12 ሺህ ያህል ሰው ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ዛሬ ከ3 ሺህ በታች ነው ያለው።

ጋሼ ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ኪሎ አወጡ። ሴትዮዋ አሸተተችው። ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው። ከዚያ የ1977ን ጉድ ነገረችን።

በ1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡናውን ተክል መታው። የዓለም የቡና ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ጣሪያ ነካ። ዴዴኤር ቡና የምትገዛው በምዕራብ ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ የላትም። ስለዚህ በ1977 ርካሹን ቡና ከገበያ አውጥታ "ካፌ ሚክስ" የሚባል አመጣች። 51 በመቶው ቡና፣ የቀረው የተቆላ ሥራ ሥር፣ እህልና የአተር ዱቄት። የፋብሪካው ካንቲን ማሽን ውስጥ ሲገባ አተሩ በሙቀት አብጦ ማጣሪያውን ደፈነው። ሕዝቡ "የኤሪሽ ዘውድ" ብሎ ስም አወጣለት። በምዕራብ የታወቀ "ክሮኑንግ"፣ "ዘውድ መድፋት" እንደማለት፣ የሚባል ቡና ነበረ፤ ኤሪሽ ደግሞ የፓርቲው መሪ ኤሪሽ ሆኔከር ናቸው። የአቤቱታ ደብዳቤ ጎረፈ። ሰው ሰፈሩን በግንብ አጥረውበት ዝም ያለው ሁሉ በቡናው ጊዜ ጻፈ።

"ስለ ስጋ ዝም ብለናል" አለች ሴትዮዋ። "ስለ ቡና ግን!"

ወደ በርሊን ስንመለስ ባቡር ውስጥ የቀረውን ጋሼ ጨመሩልኝ። በዚያው በ1977 የፓርቲው ትልቅ ሰው ቬርነር ላምበርትስ አዲስ አበባ መጡ። ደርግ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ላይ ነበር። መሣሪያ ይፈልጋል። እነሱ ቡና ይፈልጋሉ። ተስማሙ። ከመሣሪያው ሌላ ጭነት መኪናም መጣ፤ ኢፋ የምንለው። ብዙም ሳይቆይ እኛ ደግሞ በምንዛሪ ክፈሉን ማለት ጀመርን፣ እነሱም ፊታቸውን ወደ ቬትናም አዞሩ። ወዳጅነቱ ግን ቀጠለ፤ የትምህርት ዕድሉም እንደዚያው። "እኔ ራሴ በቡና የተላክሁ ነኝ" አሉ ጋሼ፣ ግማሽ ቀልድ አድርገው።

ቀን 3፦ አሁንም በርሊን

ዝናብ። ሊሽተንበርግ የሚገኘውን የድሮ የደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ የሽታዚን፣ አየን። ብዙ የምጽፈው የለኝም። ስለዚህ ቤት ያልተጻፈ የለም። ለ16 ሚሊዮን ሕዝብ 91 ሺህ ቋሚ ሠራተኛ፣ በዚያ ላይ ከ170 ሺህ በላይ ጆሮ ጠቢ። የፋይሉ መደርደሪያ ቢዘረጋ 111 ኪሎ ሜትር። የሚኒስትሩ የኤሪሽ ሚልከ ቢሮ እንዳለ ተቀምጧል። ለቁርሳቸው እንቁላሉ ስንት ደቂቃ እንደሚቀቀል የተጻፈበት ካርድ አለ፤ አራት ደቂቃ ተኩል። የእኛንም አገር ደኅንነት ሰዎች ያሠለጠነው ይኸው ቤት ነው።

ማንም ሰው ፋይሉን ጠይቆ ማየት ይችላል። የውጭ ተማሪ የነበረም ጭምር። "ጋሼ፣ ቅጹን ልሙላልዎት?" አልኩ።

መልስ አልሰጡኝም። ከወጣን በኋላ፣ ዣንጥላ ስር፣ "ይቅርብኝ" አሉ። "ቡና ያጠጣሁት ሰው ቢሆንስ?"

ቀን 4፦ ዝዊካው

ወደ ደቡብ ረጅም የባቡር ጉዞ። ዝዊካው ትራባንት የተሠራባት ከተማ ናት። ከ1957 እስከ 1991፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ። በአውግስት ሆርሽ ሙዚየም ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተደርድረዋል። ሙዚየሙ ቆንጆ ነው፣ ሂዱበት። እኔ ግን ትራባንትን በደንብ ያየኋት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው።

አንድ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰውዬ፣ ሰማያዊ ትራባንታቸውን ኮፈን ከፍተው ቆመው ነበር። ጋሼ ሰላም አሏቸው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱም ሞተሩ ላይ አጎንብሰዋል። ሞተሯ የሞተር ብስክሌት ያህል ናት፤ 26 የፈረስ ጉልበት። ሰልባትዮው እዚያው ኮፈኑ ስር፣ ሞተሩ አጠገብ ነው። የነዳጅ ጌጅ የላትም። ሰውዬው ክዳኑን ፈቱና ምልክት ያለው የፕላስቲክ በትር ነከሩ፣ አውጥተው አሳዩን። እናቴ ላምባ የቀረውን በስንጥር እንደምትለካው። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ሲያስነሷት ማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ጋሼ በረጅሙ ስበው "ላይፕሲሽ!" አሉ።

ስፖርቴሎውን አንኳኩ አሉኝ። አንኳኳሁ። ቆርቆሮ አይደለም፤ የመጽሐፍ ሽፋን ያህል ድፍን ድምፅ። የሉህ ብረት በምንዛሪ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ከሶቪየት የሚመጣ የጥጥ ውዳቂ በኬሚካል ሙጫ ተጣብቆ፣ ተጨፍልቆ አካሏ ሆነ። ከችግር የተወለደ ብልኃት ነው። አይዝግም። ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ለመጫን ደቂቃዎች ስለሚፈጅ ምርቱ ሊፋጠን አልቻለም። ዲዛይኗን ለማሻሻል መሐንዲሶቹ ደጋግመው አዲስ ሞዴል ሠርተዋል። ከላይ ገንዘብ የለም እየተባለ ቀረ።

ሰውዬው መኪናዋን ያዘዙት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ነው። የደረሰቻቸው አሥራ ሦስት ዓመት ቆይታ። "ለሚስቴም አስመዘገብኩ፣ ለወንድሜም" አሉ። ወረፋው ራሱ ሀብት ነበር። ያገለገለች ትራባንት ከአዲሷ ትበልጥ ነበር በዋጋ፤ ያገለገለችው ዛሬ ትነዳለቻ!

ጁላይ 1 ቀን 1990 የምዕራቡ ማርክ ምሥራቅ ገባ። ደመወዝ አንድ ለአንድ ተቀየረ። ሰዉ የራሱን ጎረቤት ያመረተውን እርጎ እንኳ መግዛት ተወ ይላሉ ሰውዬው። አሥራ ሦስት ዓመት የተጠበቀች መኪና ሜዳ ላይ ተጣለች። ፋብሪካው ዕቃውን ለምሥራቅ አውሮፓ እንዳይሸጥ እነሱም ማርክ የላቸውም። የመጨረሻዋ ትራባንት በኤፕሪል 1991 ወጣች። "እኛው ነን የዘጋነው" አሉ ሰውዬው። "በኪሳችን።" ይህ አባባል ሙሉውን እውነት አይመስለኝም፤ የመንግሥት ድርጅቶቹን ለመሸጥ የተቋቋመው ትሮይሃንድም እጁ አለበት። ግን የሰሩበት ቦታ ነውና አልተከራከርኳቸውም።

ሦስተኛው ኪሎ እዚያው ቀረ።

ቀን 5፦ ኬምኒትስ፣ በመንገድ ላይ

ግማሽ ቀን ብቻ። ከ1953 እስከ 1990 ስሟ ካርል ማርክስ ሽታት ነበር። ማርክስ ረግጧት አያውቅም። መሐል ከተማ ላይ ጭንቅላቱ ብቻ ቆሟል፤ ሰባት ሜትር፣ አርባ ቶን ነሐስ። ከጀርባው ያለው ሕንፃ ግድግዳ ላይ "የዓለም ሠራተኞች ተባበሩ" የሚለው በአራት ቋንቋ ተጽፏል። የከተማው ልጆች ሐውልቱን "ኒሸል" ይሉታል፤ በእነሱ ዘዬ "ራስ ቅሉ" እንደማለት። ሕዝቡ በ1990 በድምፅ ብልጫ የከተማውን ስም መለሰ፣ ጭንቅላቱን ግን አልነካም።

ጋሼ ከሥሩ ቆመው "የእኛው ታናሽ ወንድም ነው" አሉ። ዴዴኤር በ1984 ለአዲስ አበባ የሰጠችው፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው ማርክስ ትዝ ብሏቸው ነው። "ታናሽስ የእኛው ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። ሁለቱም አሉ። ሌኒን ነው የተነቀለብን።

ቀን 6፦ ላይፕሲሽ

ጋሼ ሌሊቱን አልተኙም። ጠዋት ክራቫት አድርገው ወረዱ።

የውጭ ተማሪ መጀመሪያ የሚመጣው እዚህ ነበር፣ ሄርደር ኢንስቲትዩት ለቋንቋ። ከዚያ ጋሼ በካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እርሻ ተማሩ። ከተማዋ አላወቀቻቸውም፣ እሳቸውም አላወቋትም። ያኔ ቤቱ ሁሉ ጥቁር ነበር። ክረምት እያንዳንዱ ምድጃ ያንን ቡናማ ከሰል ያነዳል። አገሪቱ በዓመት 300 ሚሊዮን ቶን ገደማ ታወጣ ነበር፣ በዓለም አንደኛ። በረንዳው እንዳይወድቅባቸው በመንገዱ መሐል ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ። ዛሬ ቤቱ ሁሉ ቢጫና ክሬም ሆኗል። ኪራዩም እንደዚያው ነው፤ እንደ ቀለሙ ወጥቷል።

ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያንን አየን። ኦክቶበር 9፣ 1989 ከዚህ ተነስቶ 70 ሺህ ሰው ለተቃውሞ ሰልፍ ወጣ፤ ጥይት አልተተኮሰም። በወሩ ግንቡ ተከፈተ። ጋሼ አዲስ አበባ ሆነው በዶይቸ ቬለ አማርኛ ነው የሰሙት። "ሬዲዮውን ጠፍጥፌ ጠፍጥፌ! ተሳስተው ነው ብዬ" አሉ።

ከምሳ በፊት ነው ስለ ጫማው የነገሩኝ። ለካ ጉዞው ሁሉ ለዚህ ኖሯል።

የመጀመሪያው ክረምታቸው። በአገር ቤት ጫማ በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ቦት ጫማ ፍለጋ አንድ ሱቅ ገቡ። መደርደሪያው ላይ ያለው 45 ቁጥር ብቻ ነው፤ የእሳቸው 41። ሻጯ "የለም" አለች። በማግስቱ ተመለሱ፣ "የለም"። በሦስተኛው ቀን እናታቸው ከላኩላቸው ቡና በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት፣ ምንም አላሉም። ሻጯ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ጎንበስ አለች። ስትነሳ 41 ቁጥር፣ ውስጡ ጸጉር ያለው ቦት ጫማ ይዛለች።

ለዚህም ቃል አላቸው። "ቡክቫረ"፤ ሻጭ ጎንበስ ብላ የምታወጣው ዕቃ። ዘመድና ትውውቁን ደግሞ "ቫይታሚን ቤ" ይሉታል፣ "ግንኙነት" የሚለው ቃላቸው በዚያ ፊደል ስለሚጀምር። ሮንዶ የሚባለው ቡና በሱቅ ግማሽ ሩብ ኪሎው፣ 125 ግራም ማለት ነው፣ 8 ማርክ ከ75 ፌኒግ ነበር። ብዙ ቤት በወር 50 ማርክ ገደማ በሚከራይበት አገር! ከገንዘብ ይልቅ ቡና የሚታፈሰው ለዚህ ነው። ሴትዮዋ ከሥጋ ሻጩ ጋር አስተዋወቀቻቸው፣ ሥጋ ሻጩ ከሰዓት ሠሪው። አምስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት ቡና ጠጡ። የእሷ ቡና "የአበባ ቡና" የሚሉት ነበር፣ ከመቅጠኑ የተነሳ ሲኒው ሥር የተሳለው አበባ ይታያል። ጋሼ አንድ ቀን ጀበና ይዘው ሄደው አቦልን አጠጧት። ሌሊቱን ሙሉ ልቧ ሲመታ አደረ።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። በረንዳ ያለው ባለ አራት ፎቅ ቤት ነው። ቤቱ ቆሟል፣ ታድሷል፣ ሊፍት ገብቶለታል። ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው የደወሉን ስሞች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አነበቡ። ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ።

"የለችም" አሉ።

"እንጠይቅ?"

"ማንን?"

አንድ ወጣት ብስክሌት ይዞ ወጣ፣ በሩን ያዘልን። አንገባም አልነው። ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ኪሎ ቀርቷል። ለእሷ ብለው ነበር ያስቀመጡት።

ወደ ባቡር ጣቢያ ስንሄድ ውሃ ልገዛ ሱፐርማርኬት ገባን። ቡናው መደርደሪያ አንድ ግድግዳ ሙሉ ነው፤ የብራዚል፣ የኮሎምቢያ፣ ሲዳማ ተብሎ የተጻፈበትም አለ። ጋሼ ቀስ እያሉ እያነበቡ ሄዱና ቆሙ። ሮንዶ። አሁንም ማግደቡርግ ውስጥ ይቆላል። በታችኛው መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ ነው ያስቀመጡት።

"ላንሳልዎት፣ ጋሼ" አልኩ።

እጄን ገፋ አደረጉት። አንድ እጃቸውን መደርደሪያው ላይ ደግፈው፣ "ጉልበቴን!" እያሉ፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱት።